ባለሜዳ

ባህር ዳር ስታዲየም በር ላይ ቆሎ በስኒ የምትሰፍር ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ ባለሜዳው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ወላይታ ድቻ።»

«የት አገር ናቸው?»

«የሶዶ ልጆች ናቸው።»

ስኒውን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ከዚያ ድረስ መጥተው እንዴት ባለሜዳ ይሆናሉ? እንግዳ ናቸው እንጂ።»

መልስ አልነበረኝም። ቆሎዬን በጋዜጣ ቁራጭ ተቀብዬ ገባሁ፤ ጥያቄዋ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮኝ ዞረ። ሥራዬ መንገድ አያሳጣኝም። በ2015 የውድድር ዘመን መንገዴን ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር አገጣጠምኩትና ቡድኔ ድቻ በሄደበት ሄድኩ፦ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ።

ሊጉ 1990 ላይ ሲጀመር እንደማንኛውም አገር ሊግ ነበር። አንድ ጊዜ እነሱ እቤትህ ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ አንተ እቤታቸው ትሄዳለህ። 2012 ላይ ኮሮና ውድድሩን መሃል ላይ አስቆመው፤ ዓመቱ ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በማግሥቱ ዓመት ሲመለስ ሌላ ሆኖ መጣ። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ይከትማሉ፣ ሆቴል ይይዛሉ፣ ጥቂት ሳምንት እዚያው እርስ በርሳቸው ይጫወቱና ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ከተማ ይነሳሉ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩትም ያኔ ነው። እኔ በተከተልኩት ዓመት 16 ክለቦች እያንዳንዳቸው 30 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 240 ጨዋታ እንዲህ እየዞሩ ተጫወቱ። በመርሃ ግብሩ ላይ ከሁለቱ አንዱ «ባለሜዳ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ከወረቀቱ አይወርድም።

ድቻ 2006 ላይ ሊጉን ከተቀላቀለ ወዲህ ሶዶ ምን ትመስል እንደነበር ያየ ሰው የቆሎ ሻጯ ጥያቄ ለምን እንደወጋኝ ይገባዋል። ጨዋታ ያለ ቀን ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ መኪናው ሞልቶ ይገባ ነበር። ዱንጉዛ ያልለበሰ ሰው መንገድ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ሥጋ ቤቱ ከረፋዱ ጀምሮ ይሞላል፤ ዳጣው በሳህን ሳይሆን በጎድጓዳ ነው የሚቀርበው። ከበሮው ከመናኸሪያ ይነሳና ስታዲየም ሲደርስ ከተማው በሙሉ ከኋላው ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ካለ ሽማግሌዎቹ ዝናብ ሳይመጣ ጎል ይግባ ይላሉ። እኔ ኳስ ማለት ይሄ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ብዛት፣ የራስ ሰው፣ የራስ አፈር።

ባህር ዳር ስታዲየም ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታነፀው ያ ትልቅ ሲሚንቶ ያን ቀን ጥቂት መቶ ሰው ነበረበት። አሠልጣኙ ሲጮህ ቃል በቃል ይሰማል። በረኛው ተከላካዩን በወላይትኛ ሲጣራ ሰማሁና ባልጠበቅሁት ሰዓት እንባዬ መጣ። ሶዶ ላይ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጊዜው ክፉ ነበር። በሰሜን ጦርነቱ ገና አልቆመም። የ2011 ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት ከ2013 ጀምሮ ከሊጉ ውጪ ነበሩ። ሰንጠረዡን ባየሁ ቁጥር የሌሉትን ስም እፈልግ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም የሰሜን ክለቦች አንዳንድ ጨዋታቸውን አንዱ ወደ ሌላው አገር መሄድ አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ ተጫውተዋል። ገለልተኛ ሜዳ የሚለው ነገር ያኔ ለሁለት ክለቦች ጠብ የተፈለገ መላ ነበር፤ ኋላ ግን ሊጉ በሞላ ገለልተኛ ሜዳ ሆነ። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች 2017 ላይ ተመልሰዋል። ስማቸውን ሰንጠረዡ ላይ ሳይ የተሰማኝን ደስታ የትኛውም የድቻ ድል ሰጥቶኝ አያውቅም።

ማታ ጣና ዳር ዓሣ ጥብስ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ የነበሩ አዛውንት «እንግዳ ነህ መሰለኝ፣ የኔ ልጅ» ብለው ጨዋታ ጀመሩ። የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ከፊታችን ያልፋል። የባህር ዳር ከተማ ደጋፊ ናቸው። ባሕሩ ያወጣላቸውን ስም፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ሲጠሩት ደረታቸው ይነፋል። «እኛኮ ለጥቂት ሳምንት ነው ባለቤት የምንሆነው» አሉኝ። «ከዚያ እነሱም እንደናንተ ይሰደዳሉ። በቴሌቪዥን አያቸዋለሁ። ግን በቴሌቪዥን ያየኸውን ልጅ መንገድ ላይ ጠርተህ አይዞህ አትለውም።» የጣና ሞገዶቹ ያን ዓመት ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ሽማግሌው አብዛኛውን በመስኮት እንደሚታይ ሠርግ ነው ያዩት።

ስደቱ የክለቦቹ ብቻ አይደለም። ይሄው የባህር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟላም ተብሎ 2014 ላይ ከታገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ቆይቷል። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበት ያ ጨዋታ፣ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው የተደረገው። ግብጽን አሸንፈን በአደባባያችን አልጨፈርንም ማለት ነው፤ ስታዲየም ውስጥ የነበረ ሰው ሲወጣ ያገኘው የሊሎንግዌን መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወት ስንቴ ይመጣል?

ወደ ምሥራቅ ስወርድ አውቶቡሱ ውስጥ የክለቦቹን ቅጽል ስም በልቤ እየጠራሁ ሄድኩ። የጎንደሩ ፋሲል አፄዎቹ፣ ሀዋሳ ኃይቆቹ፣ አርባ ምንጭ አዞዎቹ፣ ሀዲያ ሆሳዕና ነብሮቹ፣ የኛዎቹ በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ስም የጦና ንቦች። እያንዳንዱ ስም አንድ ሐይቅ ወይም አንድ ንጉሥ ወይም አንድ አውሬ ይዞ ነው የሚመጣው። አገሩን የማያውቅ ልጅ እንኳ ስሞቹን ሰምቶ ካርታውን ሊስል ይችላል። ንቡ ግን ከቀፎው ርቆ ስንት ወር ይቆያል?

ድሬዳዋ ላይ፣ ቅዝቃዜ የለመደ ሰው ከመኪና ሲወርድ አየሩ ፊቱ ላይ እንደ ምድጃ ይከፈታል። ቀን ከዚራ ዛፎች ሥር መዋል ነው። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከተማው ከየጥላው ይወጣል፤ ባጃጁ ይራወጣል፤ ሳምቡሳው ትኩስ ከዘይት ይወጣል። የምሽቱ ጨዋታ በፓውዛ መብራት ሲጀመር ስታዲየሙ በራሱ ሰዓት ነው የሚሞላው፤ ቀስ እያለ፣ ፊሽካ ከተነፋ በኋላም።

እዚህ ነው የኔ እምነት የተናጋው። ያለ ራሱ ሰው የሚጫወት ቡድን ነፍስ የለውም ብዬ ነበር የመጣሁት። ድሬዎች ግን አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ያያሉ፤ ከዚያ የወደዱትን ይመርጡና እስከ መጨረሻው የሱ ይሆናሉ። ከኔ ጀርባ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ድቻን ከዚያ ቀን በፊት አይተውት አያውቁም። የክንፍ ተጫዋቻችን አንድ ሰው ሲያታልል አንደኛው ተነስቶ «አቦ! ይሄ ልጅ የኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። የኛ የሚለው ቃል ወደ ውስጤ ገባ። ያን ምሽት ነጥብ ጥለን ወጣን፤ ልጆቹ ግን በር ድረስ ቆመው ለተጫዋቾቻችን አጨበጨቡ።

ከተማው እንግዳ ማስተናገድ የተማረው ዛሬ አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው 1895 ላይ ነው፤ ድሬ ራሷ ባቡሩ ይዟቸው የመጡ እንግዶች የሠሯት ከተማ ናት። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን ማልያውን ከለበሱት መካከል የአስመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ አለ፤ 1954 ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል። 1968 ላይ የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲመጣ ደግሞ አንዱ ምድብ ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳንና በኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ እዚህ ተጫውተዋል። ለገሃር አካባቢ ሻይ ያጠጡኝ አንድ አባት ያን ጊዜ ሲያወሩ የሞሮኮን ተጫዋቾች እንደ ጎረቤት ልጆች ነው የሚያነሷቸው። ድቻን ስጠራላቸው ሶዶ የት እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ከነገርኳቸው በኋላ «እንኳን ደህና መጡ» አሉ፤ ቡድኑን ሁሉ በኔ በኩል ሰላም እንዳሉት ነው የቆጠርኩት።

ድቻዎች ያረፉበት ሆቴል ጓሮ ልብስ የሚያጥቡ እናት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሳፋ ደርድረው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ለመጨረስ ሲጣደፉ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ወርጄ ሰላም አልኳቸው። ማልያዎቹን የሚያሰጡት በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ነው፤ 1 ቁጥር ከግንቡ ጫፍ ይጀምርና ገመዱ ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ገመድ ይዞራል። ልጆቹን በመልክ ብዙም አይለዩዋቸውም፤ በልብሳቸው ግን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል።

«ይሄ» አሉኝ አንዱን ማልያ እያነሱ፣ «ሁልጊዜ በቀኙ ነው የሚወድቀው። እየው ክርኑ ጋ፣ ጨርቁ ሳስቷል።» ሌላውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል፤ የባሕር ዳርቻ ይመስላል። «ይሄኛው ውሃ አይጠጣም። ለወጌሻው ንገርልኝ፣ በዚህ ሙቀት ልጅ ይጠፋል።»

ለወጌሻው ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ተጫዋች ሲያሟሙቅ ኮዳው ከእጁ አይለይም ነበር።

«አገራችሁ አፈሩ ቀይ ነው?» አሉኝ እጃቸውን ከአረፋው ሳያወጡ።

ቀይ ነው አልኳቸው። እንዴት አወቁ?

«መጀመሪያ የመጡ ቀን የልምምድ ካልሲያቸውን ነው የሰጡኝ። ብነክረው ውሃው ደም መሰለ። ደነገጥኩ እኮ፤ ልጆቹ ተጎድተዋል ብዬ። ለካ አፈር ነው።» በመሃል በነበረው እረፍት ሶዶ ላይ ልምምድ ሠርተው ነበር የመጡት። «በሁለተኛው እጥበት ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የድሬን አቧራ ነው የማጥበው።»

አዳማ ላይ ጨዋታው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ነፋሱ ኳሱን እንደፈለገ ያደርገዋል። ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ግማሹን አይተው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ከአዳማ የያዝኩት ነገር ከሜዳ ውጪ ነው። አንድ ምሽት በሆቴል ደረጃ ላይ አንድ ተከላካይ ተቀምጦ በስልክ የልጁን የቤት ሥራ ያሠራዋል። «ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው? በጣትህ አትቁጠር፣ በሐሳብህ።» ትንሹ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ዝም ይላል። አባትየው ይጠብቃል። እኔም ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምናየው ልጅ አብዛኛውን ዓመት ሻንጣ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በዚያ ላይ ደመወዝ ወራት የሚዘገይባቸው ክለቦች አሉ። ሜዳ ላይ ሲሳሳት የምንሰድበው ይሄን ሰው ነው። እኔም ሰድቤ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የውድድሩ መዞር ጥቅም የለውም አልልም። ጠብ ቀንሷል። በየሳምንቱ አገር ለአገር ከመንከራተት ይሻላል የሚሉ ተጫዋቾች አጋጥመውኛል። ሶዶ ያለች እናቴ እንኳ በቴሌቪዥን የአፄዎቹን ተጫዋቾች በስም ለይታ ታውቃለች። ግን ቴሌቪዥኑ ስታዲየም በር ላይ ቆሎ አይገዛም። ሶዶ ላይ በጨዋታ ቀን ብቻ ዓመቱን የሚገፉ ሰዎች ነበሩ፤ ባርኔጣ የሚሸጠው፣ ሽሮ ቤቷ፣ አልጋ የምታከራየው፣ ከበሮ የሚጠግነው። ስለነሱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ሀዋሳ ስደርስ ጉዞዬ ወደ ቤቴ መታጠፉን ከሽታው ነው ያወቅሁት። አሞራ ገደል ዓሣው ይበለታል፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ደከሙ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብስበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ሲዳማ ወዳጄ ቡርሳሜ ጋበዘኝ፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ ሲቀርብ የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ከተማው ራሱ የኳስ ከተማ ነው። ኃይቆቹ 1996 እና 1999 ላይ ሊጉን አሸንፈዋል፤ ሲዳማ ቡናም አብሯቸው አለ።

ለኛ ግን ሀዋሳ ሌላ ነገር ነው። 2010 ላይ ድቻ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ዛማሌክን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚሁ ከተማ ነው። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፎ ሲያልፍ ሶዶ አልተኛችም። አባቴ ከቤት ወጥቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያቅፍ ያየሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው። አሁን ሳስበው ያ ትልቁ ቀናችን ራሱ ሜዳችን ላይ አልነበረም። ልብ አላልኩትም ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ ሶዶ በሙሉ ተነቅላ ሀዋሳ መጥታ ነበር።

አሁንም መጣች። የድቻ ጨዋታ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው በሻሸመኔ መንገድ ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው እየተከታተለ ገባ። መስኮቱ ላይ ዱንጉዛ ይውለበለባል። ከመጀመሪያው መኪና የወረደው ከበሮው ነው፤ ከዚያ አስጨፋሪው፤ ከዚያ የማውቃቸው ፊቶች፦ ጎረቤቴ፣ የልጅነት መምህሬ፣ ሥጋ ቆራጩ። አንዲት እናት በፌስታል ዳጣ ቋጥረው ይዘዋል፤ ለልጃቸው ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው። ጥበቃው ምግብ አይገባም ሲላቸው አልተከራከሩም። አጥሩ ሥር ቆመው አውቶቡሱ ሲመጣ በመስኮት አቀበሉት። ልጁ ሽቶት ሳቀ። ያን ሁሉ ወር የትም ሜዳ ላይ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ከበሮው ተመታ። አምበሉ ቀና ብሎ ወደኛ አየና ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። ለአፍታ ያህል ኳሱ ብቻውን እየተንከባለለ ሄደ።

ጨዋታው አቻ አለቀ። ስለ ጨዋታው ብዙም የማስታውሰው የለም። በረኛው ተከላካዩን በወላይትኛ ሲጣራም አልሰማሁትም፤ ጩኸቱ ዋጠው።

ዋንጫውን ያን ዓመት ፈረሰኞቹ ወሰዱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫ አልጠፋበትም። ሊጉ ተበተነ፤ ሆቴሎቹ ለሠርገኛና ለስብሰባ ተለቀቁ። እኔ ክረምቱ ሲገባ ሶዶ ተመለስኩ። ዳሞታን ጉሙ ሸፍኖታል። ስታዲየሙ ጎን ባለው ሜዳ ልጆች በዝናብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ግማሹ ባዶ እግሩን፣ ግማሹ የታላቅ ወንድሙን ታኬታ ተጫምቶ። አንዱ «ባለሜዳ እኛ ነን!» ብሎ ይከራከራል፤ ሌላኛው ደግሞ ትናንት እናንተ ነበራችሁ፣ ዛሬ እኛ ነን ይላል። ኳሷ ወደኔ መጣች። መትቼ ልመልስ ስል ተንሸራትቼ በቀኜ ወደቅሁ። ልጆቹ ሮጠው አነሱኝ፤ «ጋሼ፣ አይዞህ» እያሉ ክርኔን አራገፉልኝ።

ማታ እናቴ ሱሪዬን ተቀብላ ሳፋ ውስጥ ነከረችው። ገና ሳትነካው ውሃው ቀላ።